ከቤተሰቡ ጎን ያለው ወንበር

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ሐዳስ ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ እስራኤል፣ ሃይፋ ነው፤ ወላጆቿ እንደኛው ከጎንደር የመጡ ናቸው። አማርኛዋ ለሥራው ይበቃል። «አንተ» እና «እርስዎ» ግን ለእሷ አንድ ናቸው፤ እኔም ላርማት አልሞከርኩም።

«አዲሱ፣ ሌኩት ለሚዳ የሚለውን በአማርኛ ምን እያልክ ነበር የምትነግራቸው?» አለችኝ።

በዕብራይስጥ ሌኩት ለሚዳ የሚባለው፣ አንድ ልጅ አእምሮው ደህና ሆኖ ሳለ ማንበብ ወይም መጻፍ ወይም ሒሳብ ብቻ ተለይቶ ሲያስቸግረው ነው።

«ቃል የለኝም» አልኳት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስትሠራ ቃል አልነበረህም?»

«መጀመሪያ ላይ ነበረኝ። በኋላ ተውኩት።»

የቀለድኩባት ሳይመስላት አልቀረም፤ «ቤሰደር፣ እሺ፣ ሌላ ቀን እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። አልቀለድኩም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ሳምንቱን ሳስበው ቆየሁና ከመጀመሪያው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

አገር ቤት ሳለሁ በጎንደር ገጠር የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ቃል መምረጥ እወድ ነበር። ተማሪ ድርሰቱን ሲያነብ ቦታው ያልሆነ ቃል ከሰማሁ አስቆመዋለሁ። ሃይፋ ስንገባ ያ ሁሉ ለምንም አልሆነኝም። መጀመሪያ ወደቡ ውስጥ መጋዘን ጠረግሁ፣ ካርቶን ተሸከምኩ። ወገቤ እንቢ ሲለኝ በአንድ የጥበቃ ኩባንያ በኩል ከሃይፋ አጠገብ ክርያት ቢያሊክ የሚገኝ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆምኩ። ሥራው ቦርሳ መፈተሽና የማያውቁትን ሰው ስሙን መጠየቅ ነው።

በሩ ላይ ሆኜ ነው የኋለኛው ሥራዬ የጀመረው። የእኛ ሰዎች ከትምህርት ቤቱ የተላከላቸውን ደብዳቤ ይዘው ይመጡና ከመግባታቸው በፊት ለእኔ ይሰጡኛል። አነብላቸዋለሁ። «ልጅዎ ሦስት ቀን ቀርቷል» ወይም «ለጉዞው ፈቃድ ይፈርሙ» የሚል ነው። አንድ ቀን ጠዋት አምስት ሰው ተሰልፎ ሳለ ርዕሰ መምህርቷ ደረሰች። ቁጡ ሴት ነበረች።

«አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ ጸሐፊ?» አለችኝ።

«ዘበኛ ነኝ። ደብዳቤውን ግን የጻፋችሁት ማንበብ ለማይችል ሰው ነው።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ በሩን ለሌላ ሰው አስረክቤ ወደ ቢሮዋ እንድገባ አዘዘችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጅ በመጣ ቁጥር ትጠራኝ ጀመር። በዓመቱ ደግሞ ለሜጋሼርነት ኮርስ ስሜን ላከች። ሜጋሼር ማለት አገናኝ ነው፤ በትምህርት ቤትና ከኢትዮጵያ በመጣ ቤተሰብ መካከል ተቀምጦ የአንዱን ነገር ለሌላው ያደርሳል። ኮርሱን ስጨርስ በሃይፋ ከተማ ትምህርት ክፍል ተቀጠርኩ። ክፍያው በሰዓት ነበር፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወር አይከፈልም። ስለ ገንዘቡ ይኸው ይበቃል።

አለቃዬ ጊዲ የሚባል ደህና ሰው ነበር። ክፋት የለውም፤ ሰዓቱን ግን ቶሎ ቶሎ ያያል። «ለአንድ ቤተሰብ ሃያ ደቂቃ» ይለኝ ነበር። ሃዳር፣ ነቬ ሻአናን፣ ክርያት ሃይም የሚባሉ ሠፈሮች እየተዘዋወርኩ በሳምንት ሰባት ስምንት ትምህርት ቤት አዳርስ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ኮሚቴው ነው። ልጁ በትምህርቱ ሲቸገር የት እንደሚማርና ምን እርዳታ እንደሚሰጠው የሚወስነው ኮሚቴ ነው። በአንድ በኩል አምስት ስድስት ባለሙያ ወረቀቱን ዘርግቶ ይቀመጣል። በሌላው በኩል እናት ወይም አባት፣ ብዙ ጊዜም አያት።

በዚያ ሥራ በሁለተኛው ዓመቴ አባ ፈረደን አገኘሁ። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ኤሊ ሁለተኛ ክፍል ነበር። እናቱ ሞታለች፤ አባቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ እዚያው ቀርቷል። በሕግም በኑሮም አሳዳጊው እሳቸው ናቸው። ኤሊ ማንበብ እንቢ ብሎታል፤ ክፍል ውስጥም አይቀመጥም። ትምህርት ቤቱ ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረበ።

ያን ቀን አርፍደን ነበር፤ ውጭ ሌሎች ቤተሰቦች ይጠብቃሉ። አባላቱ ከተነጋገሩ በኋላ ሊቀመንበሯ ልጁ ወደ ሒኑኽ ሜዩሐድ ትምህርት ቤት ቢዛወር እንደሚሻል ተናገረች። እኔ የቃሉን ፍቺ አውቅ ነበር። ሒኑኽ ትምህርት ነው፤ ሜዩሐድ ልዩ ነው።

«አባ ፈረደ፣ ልጁ ልዩ ትምህርት ቤት ይግባ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«ልዩ?» አሉ።

«አዎ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። አስተማሪዋ ለእያንዳንዱ ጊዜ አላት። መኪና እቤት ድረስ መጥቶ ይወስደዋል።»

አባ ፈረደ ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ጎንበስ አሉና ረጅም ምርቃት መረቁ። ሊቀመንበሯ «ገብቷቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ገብቷቸዋል፤ ደስ ብሏቸዋል» አልኳት። የምርቃቱን ትርጉም ስነግራት እሷም ደስ አላት። አባ ፈረደ ፈረሙ።

አንድ ነገር ልደብቅ አልፈልግም። ሽማግሌው ከሚገባው በላይ መደሰታቸውን በዚያው ቅጽበት አይቼዋለሁ። «ጥቂት ይቆዩኝና እንደገና ላስረዳዎት» ልል አስቤ ነበር። አላልኩም። አንደኛ ጊዜው ሄዷል። ሁለተኛ ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ተደስቶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ማበላሸት አልፈለግሁም።

ትምህርት በተከፈተ ቀን ኤሊን ነጭ ሸሚዝ አልብሰው መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁ። ለጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ ልጁ ተመርጦ ልዩ ትምህርት ቤት መግባቱን ነግረው ነበር፤ ሰውም እንኳን ደስ አለዎት ብሏቸዋል። መኪናው ሲመጣ የሠፈሩ ልጆች አወቁት። ሳቁ። የጎረቤት ልጅ የሆነች ወታደር ናት መኪናው የአእምሮ እክል ያለባቸውን ልጆች እንደሚወስድ ለአባ ፈረደ ያስረዳቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጡ። አልተቀመጡም።

«መምህር፣ ልዩ አላልከኝም?» አሉኝ።

«ብያለሁ።»

«ልዩ ማለት ምን ማለት ነው?»

አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

«እኔ ብልጫ መስሎኝ» አሉ። «መረቅኋቸው እኮ። ልጄን መርቄ ሰጠኋቸው።»

ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አልፎ ነበር። ወደ ጊዲ ሄድኩ፤ ወደ ሊቀመንበሯም ሄድኩ። ሁለቱም አዘኑ፣ ፊርማው ግን ፊርማ ነው አሉ። ኤሊ እዚያ ሁለት ዓመት ተማረ። በኋላ እንደገና ሲፈተን፣ እርዳታ ያስፈልገው እንደነበረ፣ ከሠፈሩ ትምህርት ቤት መውጣት ግን እንዳላስፈለገው ታወቀና ተመለሰ። አባ ፈረደ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ ይሰጡኛል። ዳግመኛ ግን በእኔ በኩል አልተናገሩም። ስብሰባ ሲኖርባቸው ያችን ወታደር ይዘው ይመጡ ነበር።

ኤሊን እንደገና የፈተነችው ሩት ናት። ሩት የከተማው የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። በልጅነቷ ከሩማንያ የመጣች፣ ጸጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት። የሆነውን ሁሉ ሄጄ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። «ከዚህ በኋላ ለመፈተን ስሄድ አብረኸኝ ትሄዳለህ» ብቻ አለችኝ። ሥራውን የተማርኩት ከኮርሱ አይደለም፤ ከእሷ ነው።

ሩት ልጅ ከመፈተኗ በፊት እቤቱ ትሄዳለች። ወረቀት አትይዝም። የቀረበላትን ትበላለች፣ ትጠጣለች፤ ልጁ የቤት ሥራውን የት ተቀምጦ እንደሚሠራ ታያለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይህ ልጅ ምን ያውቅበታል?» ትላለች። መልሱን ሳታገኝ ስለ ችግሩ አትጠይቅም። ስትጽፍም መጀመሪያ የምታሰፍረው እሱን ነው።

ፈተናው ካለቀ በኋላ ሪፖርቷን ለማንም ከመላኳ በፊት ለቤተሰቡ ታነባለች፤ እኔ እየተረጎምኩ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ከተደናቀፍኩ ታቆማለች።

«እዚህ ላይ አንደበትህ ተያዘ። ለምን?»

«እንዲህ ብዬ በፊታቸው ልናገረው አልቻልኩም።»

«እንግዲያው እኔም መጻፍ የለብኝም» ትልና ሰርዛ በሌላ ቃል ትጽፈዋለች። ልታስቀረው የማይገባ ከባድ ነገር ከሆነ ደግሞ አትሰርዝም፤ እኔ ደጋግሜ እስክለው ትጠብቃለች። ስድስት ሰባት ጊዜ የጠበቀችኝ ቀን አለ።

ቃልን ሳይሆን ነገ ጠዋት የሚሆነውን እንድተረጉም ያስተማረችኝ እሷ ናት። «የልዩ ትምህርት ክፍል» ማለት ትቼ፣ «ነገ ልጁ ከሠፈሩ ልጆች ጋር አይሄድም። ሌላ መኪና ይወስደዋል። አብረውት የሚማሩት እንዲህ እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው። እንቢ ማለት ይችላሉ፤ እንቢ ካሉ የሚሆነው ይህ ነው» ማለት ጀመርኩ። ይህ ሃያ ደቂቃ አይበቃውም። ጊዲ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ተወኝ።

ሌሎቹን ነገሮች እኔው በሥራው ላይ ደረስኩባቸው። ወንበሬን ከኮሚቴው በኩል አንስቼ ከቤተሰቡ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ አደረግሁት። ባለሙያዎቹ እርስ በርስ በዕብራይስጥ ሲያወሩ ዝም አልልም፤ «አሁን ስለ ክፍሉ ብዛት እየተነጋገሩ ነው» እያልኩ አሳውቃለሁ። የእኛ ሽማግሌ «እሺ» ሲል ተስማማ ማለት እንዳልሆነ፣ ሰማሁ ማለት እንደሆነ ለኮሚቴው ነገርኩ። እናቶች አየር ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» ሲሉ ሊቀመንበሯ ያመማቸው ይመስላት ነበር፤ እሱንም አስረዳሁ።

እማማ ትርንጎን ያገኘሁት ሃይፋ ላይ ከሊባኖስ ሮኬት ይወድቅ ከነበረበት በጋ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ክርያት ሃይም ይኖራሉ። ሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ ወደብ አካባቢ ያሉ ቢሮዎችን ያጸዳሉ። ልጃቸው ለረጅም ጊዜ ታማ ሆስፒታል ስለምትመላለስ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው፤ ሥልጣኑም በፍርድ ቤት ተሰጥቷቸዋል። ልጅቷ በትምህርት ቤት ሺራ ትባላለች፣ እቤት ብርቄ። ሦስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው፤ ከስሟና ከአንድ ሁለት ቃል በቀር ማንበብም መጻፍም አትችልም።

የብርቄ ጉዳይ ከኤሊ የተለየ ነበር። ኤሊን ትምህርት ቤቱ ለመላክ ቸኩሎ ነበር። ብርቄን ግን ማንም አላያትም። ጨዋ ናት፣ አትረብሽም፤ ኋላ ተቀምጣ ከጎረቤቷ ትገለብጣለች። ክፍሉን የምታስተምረው ሴት «ጊዜ ይፈታዋል፣ እቤት የሚያነብላት ስለሌለ ነው» ትል ነበር። ያየቻት አንዲት ተተኪ አስተማሪ ናት። መጽሐፉን ብርቄ ፊት ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ብርቄ መገልበጡን ሳታውቅ ሌላው ልጅ ያነበበውን በቃሏ እያለች ወረደችው። አስተማሪዋ ለሩት ደወለች፤ ሩት ለእኔ።

ሩትና እኔ እማማ ትርንጎ ቤት ስንሄድ በሩን ከፈቱ፣ እንድንገባ ግን አልጋበዙንም።

«አንተ ነህ መምህር አዲሱ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«የአባ ፈረደን ልጅ ያስወሰድከው?»

ሩት አማርኛ አትሰማም፤ ምን እንዳሉ ግን ከፊቴ አውቃለች። 

«አዎ» አልኳቸው። «ቃሉን አሳስቼ ነገርኳቸው። እንዳልገባቸው እያየሁ ዝም አልኩ።»

እማማ ትርንጎ ቆመው አዩኝ። ሌላ ሰው ላይ የማሳብብ መስሏቸው ነበር መሰለኝ።

«እንግዲያው ልጄን አትፈትኑም» አሉ። «አሁን ያለችበት ቦታ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ። አውቀዋለሁ። የማላውቀው ቦታ አልሰጥም።»

ለሩት ተረጎምኩላት። «ትክክል ናቸው በላቸው» አለች። «ደግሞ አንድ ነገር ጠይቃቸው። ብርቄ ምን ታውቅበታለች?»

ያን ጊዜ ነው ከበሩ ዞር ያሉት። ገባን። እማማ ትርንጎ የታማሚዋን ልጃቸውን የመድኃኒት ሣጥን አመጡና ብርቄን ጠሩ። ዘጠኝ ዓይነት ኪኒን ነበር። ብርቄ አንድ በአንድ እያነሣች በአማርኛና በዕብራይስጥ እየቀላቀለች ነገረችን። ነጩ ክቡ ከምግብ በፊት፣ መሐሉ የተሰመረው ማታ፣ ሮዙ አንድ ቀን እየዘለለ፣ ይኸኛው ከዚያኛው ጋር አይወሰድም። ሐኪሙ የነገራት አንዴ ነው፤ እዚያው ሆስፒታል። ሩት በሣጥኖቹ ላይ የተጻፈውን እያነበበች ስታመሳክር አንድም አልሳተችም።

«ይህች ልጅ መማር አትችልም ያላችሁ ሰው ማነው?» አለች ሩት።

«ማንም አላለኝም። ማንም ምንም አላለኝም» አሉ እማማ ትርንጎ።

ሻይ ከጠጣን በኋላ ፈተናውን ፈቀዱ፤ በሁለት ነገር። ኮሚቴው ፊት የሚባለውን ክፉውንም ደጉንም ሳልቀንስ እንድነግራቸው። እሳቸው የሚሉትንም እንደዚያው። ተስማማሁ።

ፈተናው ሦስት ቀን ፈጀ። ብርቄ የሰማችውን በመረዳት ከእድሜዋ ትበልጣለች። በማንበብ ግን የአንደኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ናት። ፊደሎቹ ይገላበጡባታል፤ ድምፁንና ቅርጹን ማገናኘት አቅቷታል። ሩት ሪፖርቱን ስታነብላቸው እማማ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። የተደናቀፍኩበት ቦታ አልነበረም።

ኮሚቴው በተሰበሰበ ቀን ከሥራ በቀጥታ መጡ፤ የሥራ ሸሚዛቸውን ከላይ በነጠላ ሸፍነውታል። ሩት የሚያስፈልገውን ተናገረች፤ በሳምንት አራት ሰዓት ከሠለጠነ አስተማሪ ጋር ለብቻዋ፣ እዚያው ትምህርት ቤቷ ውስጥ፤ ፈተና ሲኖር ደግሞ ጥያቄው እንዲነበብላት። ከዚያ የክፍል አስተማሪዋ ተናገረች። ብርቄን ትወዳታለች፤ ክፋት አልነበረባትም።

«ሺራ ጎበዝ ልጅ ናት። ግን እውነቱን ለመናገር እቤት ቋንቋ የለም። አያቷ ማንበብ አይችሉም። ከዚህ የተነሣ ነው። እርዳታው የእውነት ችግር ላለባቸው ልጆች ቢሆን ይሻላል።»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። በዚያ ሥራ ላይ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ያለውን ነገር ስንት ጊዜ አለስልሼ አሳልፌ ነበር። «እርስዎም እንዲረዷት ትፈልጋለች» ብዬ ብጨርሰው ማንም አያውቅብኝም።

«እማማ ትርንጎ» አልኩ፣ «አስተማሪዋ እንዲህ ነው የምትለው። እቤታችሁ ቋንቋ የለም። እርስዎ ማንበብ አይችሉም። የብርቄ ችግር የመጣው ከዚያ ነው። እርዳታው የእውነት ችግር ላለበት ልጅ ይሰጥ።»

እስኪያልቅ ሰሙኝ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለአስተማሪዋ፣ እሷን እያዩ ተናገሩ። እኔም ቃል በቃል፣ በእሳቸው ሆኜ፣ «እኔ» እያልኩ ተረጎምኩ።

«እኔ ማንበብ አልችልም። ያስተማረኝ ስለሌለ ነው። ይህችን ልጅ ሦስት ዓመት አስተምራችኋታል። የእኔ አለመማርና የእሷ አለመቻል አንድ ነገር አይደለም። አንድ ላይ አትቁጠሩብን።»

አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች። እማማ ትርንጎ ቀጠሉ።

«ጠዋት አውቶቡስ እንጠብቃለን። እኔ ያልተማርኩት ሃያ አንድን ከአሥራ ሁለት ለይቼ አውቃለሁ። እሷ አታውቅም። አሁን አወቀች ስል በማግስቱ ሌላው ላይ ትወጣለች። ስልክ ቁጥር ከነገርኳት አትረሳም። ከወረቀት ላይ አይታ ከደወለች ሌላ ሰው ያነሣዋል። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አያለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።»

ሊቀመንበሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ሩት ሪፖርቷን ዘጋች። ከተነጋገሩ በኋላ አራቱ ሰዓት ሦስት ሆነ፤ ጥያቄው እንዲነበብላትም ተፈቀደ። እንዲፈርሙ ወረቀቱን ሰጡኝ። አነበብኩላቸው።

«ይሰጣታል ነው የሚለው?» አሉ።

«አዎ፣ ይሰጣታል።»

«ሰጪው ማነው?»

ጠየቅሁ። ሊቀመንበሯ «ትምህርት ሲከፈት ይስተካከላል» አለች።

«ማነው የሚያስተካክለው? በየትኛው ቀን? በየትኛው ክፍል?»

ይህን ጥያቄ ሩት በፈተናው ቀናት ብርቄን አስተርጓሚ አድርጋ አስጠንታቸው እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ። የብርቄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የምትረዳትን አስተማሪ ስም፣ እሑድና ማክሰኞ መሆኑን፣ የክፍሉንም ቁጥር እስኪጽፍ ድረስ እስክሪብቶውን አልያዙም። ከዚያ ቀስ ብለው ስማቸውን ጻፉ። ፊርማቸው በጣት አሻራ ሳይሆን በእጃቸው ነበር፤ ብርቄ ናት ያስተማረቻቸው። ከምትችላቸው ጥቂት ቃላት አንዱ የአያቷ ስም ነበር።

ትምህርት ተከፍቶ ሳምንታት አለፉ፤ ሰዓቱ አልተጀመረም። ስሟ የተጻፈው አስተማሪ ወልዳ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ሌላ አልተገኘም። ርዕሰ መምህሩ ደወለልኝ።

«እባክህ አያቷን አናግርልኝ። እሑድና ማክሰኞ እየመጡ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ማንንም አያናግሩም። መምህራኑን ጨነቃቸው።»

ሄድኩና መልእክቱን ነገርኳቸው። ከሥራ እንደመጡ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ትምህርቱ ሲጀመር እቤቴ ሄጄ እተኛለሁ በለው» አሉኝ።

ነገርኩት። በተከታዩ ሳምንት ከሌላ ትምህርት ቤት አንዲት አስተማሪ በከፊል ተዛወረች። እማማ ትርንጎ ሁለት ቀን መጥተው ብርቄ ስትገባ አዩና ቀሩ።

ብርቄ ማንበብ የጀመረችው ቀስ ብላ ነው። በአራተኛ ክፍል አጋማሽ ቃል፣ በአምስተኛ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር። ተአምር አልነበረም። የምታለቅስባቸው ቀኖች ነበሩ፤ አስተማሪዋም ተስፋ የቆረጠችበት አንድ ወር ነበር። በመካከሉ ሩት ጡረታ ወጣች። በየዓመቱ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔና እማማ ትርንጎ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ በየዓመቱ የሚያስተምራትን ሰው ስም ያስጽፋሉ። ምስጋና ከአፋቸው አልሰማሁም፤ አልጠበቅሁምም።

የመጨረሻው ስብሰባ የሆነው ጡረታዬ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ብርቄ ስድስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው፤ ወደ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ታልፋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም እንድትገባ ተፈቀደላት። ከአያቷ ትረዝማለች። በእኔና በእማማ ትርንጎ መካከል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አዲሲቱ ሊቀመንበር ወረቀቱን አገላብጣ አየች። «በጣም ተሻሽላለች» አለች። «ሰዓቶቹን ለሌላ ልጅ ብናስተላልፋቸው እንላለን። ሺራ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ተረጎምኩላቸው። እማማ ትርንጎ ሊናገሩ ዞሩ፤ ከዚያ ተዉትና ብርቄን አዩ። ብርቄ ከጠረጴዛው ቀና አለች።

«ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ» አለች በዕብራይስጥ። «አጭር ነገር አነባለሁ። ረጅም ሲሆን መሐሉ ላይ ይጠፋብኛል፤ ያነበብኩ አስመስዬ እተወዋለሁ። ማንም አያውቅብኝም። እንዲያቆም አልፈልግም። ገና አልጨረስኩም።»

ልተረጉም ወደ እማማ ትርንጎ ጎንበስ ስል እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

«ተወው፤ ሰምቻታለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ቀና ብለው ለሊቀመንበሯ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕብራይስጥ ተናገሩ።

«ኦድ ሻና» አሉ። ሌላ አንድ ዓመት ማለት ነው።

ሊቀመንበሯ ወደ እኔ ተመለከተች። ወደ እማማ ትርንጎ አመለከትኳት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ጻፈችው።